ማንም ያልቀመሰው ጥብስ

ዘርፈሽዋል የጠጅ ሳሩን እስር እንደ አለንጋ ጨብጣ የመኪና ማቆሚያውን በሩጫ አቋረጠች። ትናንት የጣለው በረዶ ገና አልሟሟም። በኩሽና ጫማዋ እየተንሸራተተች ሄዳ ዳራ ሊያንቀሳቅሰው ካሰበው መኪና ፊት ተገተረችና ኮፈኑን በሣሩ ጠፈጠፈችው።

«ይሄን ሣር ከየት ነው ያመጣችሁት?»

እንግሊዝኛዋ ሌላ ጊዜ ይንተባተባል። ስትናደድ ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ያን ቀን ጠዋት ደግሞ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር የመጣችው።

ዳራ መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አደረገ። የምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ እሱ ነው፤ የባለቤቲቱ የእህት ልጅ፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ በዕድሜው መጥበሻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው።

«አንቲ፣ እንደ ወትሮው ነው። ምናሉ ነው የገዛው፣ ከድሮው ሱቅ።»

«እስቲ አሽትተው!»

«ማስክ አድርጌያለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ። አይሸትም! ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ያመጣችሁልኝ ሁሉ አይሸትም። ርካሽ ፍለጋ ገብታችሁ ገለባ ታስወቅጡኛላችሁ። ከዚያ ጥብሱ መረረ፣ ጨው በዛበት ተብሎ ሲደወል የምሰደበው እኔ ነኝ!»

ዳራ ሰዓቱን አየ። «ሚንግን ላመጣት እየሄድኩ ነው። አምስት ሰዓት ላይ እንደርሳለን። እባክሽ የሽማግሌዎቹ ምግብ ይድረስ፣ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን» አለና መስኮቱን ዘጋ።

የሚንግን ስም ስትሰማ ዘርፈሽዋል ከመኪናው ፊት ገለል አለች። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት። ከሰው ሁሉ ፊት ብታፍር ግድ የላትም፣ ሚንግ ፊት የተበላሸ ምግብ ማቅረብ ግን ሞቷ ነው።

ቀኑ የሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት የሕማማት ሰኞ ነበር። ወረርሽኙ ዴንቨርና ኦሮራ ከገባ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ፒዮሪያ ስትሪት በዚያ ሰዓት መኪና ለመኪና የሚጠላለፍበት መንገድ ነበር፤ አሁን አውቶቡሱ የፊት ወንበሮቹን በሰንሰለት አጥሮ ባዶውን ይመላለሳል። ከምግብ ቤቱ ጎን ያለው ልብስ ማጠቢያ ቤት በር ላይ ሰዎች ተራርቀው ይሰለፋሉ፣ አንዱ በሕክምና ማስክ፣ አንዱ በሻሽ፣ አንዱ ከአሮጌ ሸሚዝ እጅጌ በተሰፋ ጨርቅ አፉን ሸፍኖ። ሥራ ያለው ሰው ፖሊስ ቢያስቆመው የሚያሳየውን የአሠሪ ወረቀት መኪናው ውስጥ ሰክቶ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቷል። ምእመኑ ስግደቱን በየሳሎኑ፣ ቅዳሴውን በስልክ ይከታተላል። ሰው ሰውን የማይስምበት፣ እጅ የማይጨብጥበት ሰሙነ ሕማማት ዘንድሮ ለሃይማኖተኛውም ለሌላውም እኩል ሆነ።

ምግብ ቤቱ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ በመስኮት ብቻ ይሸጥ ነበር። ስሙን ያስጠራውም አንድ ምግብ ነው፣ ቻ ክሮንግ። የካምቦዲያ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት ጥብስ ነው። ጠጅ ሳር፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚ ቅጠልና የዝንጅብል ዘመድ የሆነ አንድ ሥር በድንጋይ ሙቀጫ አብረው ይወቀጡና ቢጫ ቅመም ይሆናሉ። ቅመሙ በዘይት ይቁላላል፣ ስስ ሆኖ የተከተፈ የበሬ ሥጋ ይገባበታል፣ ፎሶሊያና ቃሪያ ይከተላል፣ በመጨረሻ በሶብላና የተወቀጠ ለውዝ። ዘርፈሽዋል እዚህ ቤት በገባች ሰሞን ሚንግ ጠጅ ሳር ስትወቅጥ አይታ ለወንድሟ በአማርኛ «ይሄ እኮ ለበዓል ከቄጤማው ጋር የሚጎዘጎዝ ነው! የምንረግጠውን ይበላሉ እንዴ?» ብላ በሳቅ ሞታ ነበር። ሚንግ በማንኪያ አቀመሰቻት። ከዚያ በኋላ ስለ ጠጅ ሳር ቀልዳ አታውቅም።

ሚንግ ማለት በእነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። እውነተኛ ስሟ ሶፋል ነው፤ በስሟ የሚጠራት ግን ማንም የለም። ከስደተኛ ካምፕ ወጥታ ኮሎራዶ የገባች፣ አንድ ሳንባዋ እንደ ነገሩ የሚሠራ፣ አጭር፣ ሳቂታ አሮጊት ናት። ጾም ምን እንደሆነ ገብቷታል። ዘርፈሽዋል በጾም የሥጋ ምግብ ትሠራለች እንጂ አትቀምስም። ለሀገሯ ሴት ይሄ ብርቅ አይደለም፤ የፋሲካውን ወጥ ቅዳሜ ሲሠሩ ማን ቀምሶ ያውቃል? አፍንጫ ነው የሚናገረው። ቅመሙ ሲበስል ሽታው ይለወጣል፣ ጨው ሲበቃው እንፋሎቱ ይከብዳል፣ ይሄን የማያውቅ ማማሰያ አይያዝ። ቢሆንም ሚንግ በጾም ቀን የራሷን ማንኪያ ይዛ እየመጣች «ዛሬ እኔ ነኝ ምላስሽ» ትልና ትቀምስላታለች። ራሷን ነቀነቀች ማለት አለፈ ማለት ነው።

ወረርሽኙ ሲገባ ዳራ ለአክስቱ ሳንባ ፈርቶ ከቤት እንዳትወጣ ከለከላት። ምድጃው ላይ የቀረችው ዘርፈሽዋል ናት፤ ትጾማለች። ምግብ አድራሹ ምናሉ አለ፤ እሱም ይጾማል። ዳራ ደግሞ ለጤናው ብሎ ሥጋ ትቷል። እንዲህ ሆኖ ያን ጥብስ ከበላተኛው በቀር አንድም ሰው ሳይቀምሰው ሳምንታት አለፉ።

የካምቦዲያ አዲስ ዓመት ዘንድሮ ከሕማማት ጋር ገጠመ። ሚንግ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ከኮልፋክስ ወረድ ብሎ ያለ ሕንፃ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የሀገሯን ሽማግሌዎች ትጎበኛለች። ቻ ክሮንግ ይዛላቸው ትሄዳለች፤ አበባ የተነከረበት ሽቱ ውሃ በእጃቸው ላይ አፍስሳ ምርቃት ትቀበላለች። ዘንድሮ ይቅር ብሎ ዳራ ለመናት፣ ተቆጣት፣ ሐኪም በስልክ አገናኛት። «ሞት ፈርቼ አዲስ ዓመት አልተውም። በር ላይ ቆሜ እጄን ዘርግቼ አፈስሳለሁ» ብላ ረታችው። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ የምትመጣው ለዚህ ነው፤ ኩሽና ገብታ ምግቡን በእጇ ልታዘጋጅ፣ እንደ ዱሮው ከዘርፈሽዋል ማማሰያ ልትቀምስ።

ዘርፈሽዋል በሩን በትከሻዋ ገፍታ ኩሽና ስትገባ ምናሉ ፎሶሊያ ይቀነጥስ ነበር። እስሩን ፊቱ ወረወረችው።

«አንተ፣ ይሄን ገለባ ስትገዛ ዓይንህ የት ነበር?»

«እትዬ ዘርፌ፣ በእናትሽ! ያው ሱቅ ነው። ፓርክ አድርጌ ውጪ ሰልፍ ጠብቄ፣ ሴትየዋ ራሷ ናት በፕላስቲክ ጠቅልላ የሰጠችኝ።»

«እና ለምን አይሸትም?»

«እኔን ይሸተኛል።»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ! እኔን ልታስተምረኝ ነው? አንተ ጠጅ ሳር ከስንዴ ሳትለይ እኔ ይሄን ሙቀጫ ስደበድብ ነው የኖርኩት!»

ምናሉ ወደ ፎሶሊያው ተመለሰ። ሰሞኑን እንዲህ ነው፤ ስትቆጣው አንገቱን ይደፋል። ድሮ ቢሆን አንድ ስትለው ሁለት ይመልስ ነበር፣ ተሳስቀው ይበቃል። አሁን ዝምታው ራሱ ያበግናታል። በመኪናው ሲያመጣት ሬዲዮ ከፍቶ መንገዱን ብቻ ያያል፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ ነው የመጣው። ጉንፋን ነው አላት።

«ሀብቴስ? አልደወለልህም?» አለችው ዘነዘናውን እያነሳች።

«እ… አይ። ስልኩ ውሃ ገብቶበታል ብዬሽ የለ። ገና አላሠራውም መሰለኝ።»

«ሲያትል ስልክ የለም? ሰው የለም? የሰው ስልክ ለምኖ አንዲት ቃል ቢለኝ ምላሱ ይቆረጣል?»

ሀብተሚካኤል ታናሽ ወንድሟ ነው። እዚሁ ቤት ከጀርባዋ ባለው ገንዳ ሰሃን ያጥባል፤ እሷ ስትጠብስ እሱ እየዘመረ ያጥባል፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው። የሚኖረው ከምናሉ ጋር ካፒቶል ሂል አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ። ምናሉ፣ ሲያትል ያለ ጓደኛው የጭነት ሥራ አግኝቶለት በሌሊት ተነስቶ ሄደ አለ። ዘርፈሽዋል አመነች፤ ሀብቴ እንዲህ ያለ ቅብጥብጥ ነው። ግን ሆድ ባሳት። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ሳይሰናበታት ሄደ። ትናንት ሆሳዕና ነበር፤ ስልኳን ከእጇ ሳትለይ ዋለች፣ አልደወለም።

«ለፋሲካ ይደውልልኛል አይደል?» አለች እየወቀጠች። «እንደማላነሳው ንገረው። ወንድም የለኝም ብላለች በለው።»

የምናሉ ቢላዋ ከእጁ ወደቀና መሬቱ ላይ ጮኸ። አጎንብሶ አነሳው፤ ቶሎም አልተነሳም።

ዘርፈሽዋል አላየችውም። ጎድጓዳውን መጥበሻ እሳት ላይ ጣደች፣ ዘይት አፈሰሰች፣ ቢጫውን ቅመም ገለበጠችበት። ከዚያ እንደ ልማዷ ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ መጥበሻው ላይ ደፋ አለች። ይሄ የሥራዋ ልብ ነው። መጀመሪያ የጥሬ ሽንኩርቱ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ቀጥሎ ሣሩ ይመጣል፣ ንጹሕ፣ እንደ ሎሚ ልጣጭ፤ ከዚያ እርዱ መሬት መሬት ሲል ሥጋው ይገባል። ሣሩን ጠበቀች። አልመጣም። እሳቱን ጨመረች። አሁንም የለም። «ገለባ! ብያለሁ እኮ ገለባ ነው!» አለች ጥርሷን ነክሳ፤ አፍንጫዋን እንፋሎቱ ውስጥ ነክራ ጠበቀች፤ ጠበቀች።

«እትዬ ዘርፌ!» ብሎ ምናሉ ከወዲያ ጥግ ጮኸ። «እያረረ ነው! አይሸትሽም እንዴ? አረረ እኮ!»

መጥበሻውን አየች። ቅመሙ ጠቁሮ ጭስ ይተፋል፤ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ጉሮሮዋ ይከረክራል። ምናሉ ድርብ ማስክ አድርጎ፣ ያን ያህል ርቆ ሸትቶታል። እሷ ከላዩ ቆማ አልሸተታትም።

እሳቱን አጠፋች። ወደ መደርደሪያው ሄዳ ከጥጉ አንድ ማሰሮ አወረደች። ፕራሆክ ነው፣ በጨው የከረመ የዓሣ ልቁጥ፤ ከዚህ ኩሽና ዕቃ ሁሉ ሽታው የከፋ። ሥራ በጀመረች ሰሞን ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫዋን ይዛ እስከ መኪና ማቆሚያው ትሮጥ ነበር፤ ሀብቴ እንዴት እንደሳቀባት ዛሬም ታስታውሳለች። ክዳኑን ከፈተች። አፍንጫዋን ከአፉ ውስጥ ከተተች። በረጅሙ ሳበች።

ምንም የለም። እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ኮምጣጤውን ከፈተች። ነጭ ሽንኩርት በጥርሷ ሰበረች። ምንም። ስለዚህ ነገር ሬዲዮው ሰሞኑን ደጋግሞ ተናግሯል፤ ሳል የሌለው፣ ትኩሳት የሌለው ሰው አፍንጫው ብቻ ጠፍቶበት በሽታው ሲገኝበት። ሰምታ «ወይ ጉድ» ብላ ነበር። ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ነበር የመሰላት።

ሣሩ ደህና ነበር። ያለ ጥፋታቸው ስትሰድብ፣ ስታንጓጥጥ የሰነበተችው ዳራን፣ ምናሉንና ባለሱቋን ነው። ለጸጸቱ እንኳ ጊዜ አልነበራትም፤ አንድ ጥያቄ ቀድሞ መጣ።

«ከማን?» አለች ጮክ ብላ። «ከቤቴ እዚህ፣ ከዚህ ቤቴ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩ፣ ለቅሶ አልደረስኩ፣ ከማን ነው የያዘኝ?»

ቀና ስትል ምናሉ ማቀዝቀዣውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለገም። ከጀርባዋ ያለውን ደረቅ ገንዳ ዞራ አየች።

«ምናሉ። ወንድሜ የት ነው?»

«እትዬ ዘርፌ…»

«የት ነው?»

«እስቲ… እስቲ ቁጭ በይ።»

የሀገሩ ሰው «ቁጭ በይ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ዘርፈሽዋል አልተቀመጠችም። የመጥበሻውን እጀታ በሁለት እጇ ያዘች፣ ትኩስ ነበር፣ አልለቀቀችውም።

«ቆሜ ነው የምሰማው። ተናገር።»

ምናሉ እያለቀሰ ተናገረ። ሲያትል የሚባል ነገር የለም። ሀብቴ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠረው፤ ምናሉ ሆስፒታል ወሰደው፣ በር ላይ ሀብቴን ተቀብለው ምናሉን መለሱት። ሀብቴ ራሱ «ለእህቴ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች፣ ይሻለኛል» ብሎ አስምሎታል። ከዚያ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ዋለ። ምናሉ ነገሩ ሲከብደው ለእድሩ ሰብሳቢ ለአቶ ወልደገብርኤል ነገራቸው። እሳቸውም ለጊዜው ያዘው አሉት። ትናንት፣ በሆሳዕና ምሽት፣ አረፈ።

«ትናንት» አለች።

«ትናንት ማታ። ከፋሲካ በኋላ ማለዳ ሰው ይዘን እንነግራታለን ብለው ነው። በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ ቀብሩም ያው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጾሟን ለምን እናበላሽባታለን ብለው…»

«ጾሜን!»

መጥበሻውን ከነቅመሙ ገንዳው ውስጥ ወረወረችው። ጩኸቱ ገና ሳይበርድ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

አቶ ወልደገብርኤል በኦሮራ ሐበሻ ዘንድ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲጣላ፣ ሬሳ ወደ ሀገር ሲላክ የእሳቸው እጅ አለበት። «እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ፣ በዓሉን…» ሲሉ አቋረጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ሞቷል?»

«ማነው እዚያ አጠገብሽ ያለው?» አሉ። «ብቻሽን ነሽ?»

«ጋሼ፣ መልሱልኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። እንዲህ እንድትሰሚው አልፈለግንም። ወግ አለው። ሰው በሌለበት፣ ሥራ ቦታ፣ ማን ይዞሽ? የሆሳዕናው ፍትሐት ለሁላችንም ተደርጓል፣ ለእሱም ይሆነዋል ብለን ነው። ሰው ሰብስበን…»

«የትኛውን ሰው ነው የሚሰበስቡልኝ? ሰው መሰብሰብ ክልክል አይደለም እንዴ?»

«እሱን ነው ስንመካከር የነበረው። ልጆቹ በዙም ይሁን ብለው…»

ዘርፈሽዋል ሳቀች። መጥፎ ሳቅ ነበር፤ ምናሉ ጆሮውን ያዘ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ፣ አሁንም እየተሳደብኩ አይደለም። ግን ይስሙኝ። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ሰሃን ሲያጥብ ነው የታመመው። ያን ቀን ቢነግሩኝ በሬን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። አልነገሩኝም። ለእኔ አዝናችሁ፣ ለጾሜ ተጨንቃችሁ፣ ይሄው እኔም በሽታውን ይዤ ለሰው ስጠብስ ሰነበትኩ። አፍንጫዬ ሞቷል ጋሼ! ወንድሜን ስሰድበው ነው የዋልኩት! ትናንት፣ እሱ ነፍሱ ስትወጣ፣ ለምን አልደወለም ብዬ ስረግመው ነበር። ይሄንን ማን ይመልስልኛል? ወጉ ነው የሚመልስልኝ?»

«ልጄ…»

«ደግ ሰው ነዎት። ደግነትዎ ነው የገደለኝ።» ስልኩን ዘጋችው።

በዚያ ቅጽበት ከውጭ የመኪና ጎማ በረዶውን ሲያደቅ ተሰማ። ከዚያ አንድ በር ተዘጋ፣ ሌላ በር ተዘጋ።

«ሚንግ!» አለች ዘርፈሽዋል።

ምናሉ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ወደ በሩ ዘለለ። «አንቺ ቆዪ። እኔ ልሂድና ጋዙ ተበላሽቷል፣ ዛሬ ምግብ የለም ልበላቸው። ቀስ ብለን ማታ በስልክ እናስረዳቸዋለን። አሮጊት ናቸው፣ በዓላቸው ነው፣ እንዲህ በድንገት…»

ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ሩኅሩኅ ልጅ ነው፤ አሥራ ምናምን ቀን ያን ምስጢር ብቻውን ተሸክሞ ከስቷል። ዘርፈሽዋል ግን ደሟ ፈላ። ሁለት እጆቿን ደረቱ ላይ ልታሳርፍ ቃጣችና በሽታዋን አስታውሳ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች፤ አለመንካቷ የባሰ አናደዳት።

«ደግሞ ሌላ ውሸት! ገና የመጀመሪያው ሬሳ ሳይቀበር! ከበሩ ወግድልኝ ምናሉ፣ ወግድ!»

ወገደ።

የኋላውን በር በእግሯ ገፍታ ወጣች። ብርሃኑ በረዶው ላይ አርፎ ዓይን ይወጋል። ሚንግ ከመኪናው ወርዳ በዝግታ ትመጣለች፤ በቀይና በነጭ ዳማ የተሸመነ የሀገሯን ሻሽ ቆርጣ በሰፋችው ማስክ አፏን ሸፍናለች፣ የአዲስ ዓመት ሐር ቀሚሷ በትልቅ ጃኬት ሥር ይታያል፣ በእቅፏ አበባ የተንሳፈፈበት የብር ሳህን ይዛለች። ዳራ ከኋላ ባዶ ካርቶን ተሸክሟል። ሚንግ ዘርፈሽዋልን ስታይ ዓይኗ ሳቀና እርምጃዋን አፈጠነች።

«ቁሚ!» ብላ ዘርፈሽዋል ጮኸች። «ሚንግ፣ እንዳትመጪ!»

«ሣሩን ሰምቻለሁ» አለች ሚንግ እየሳቀች፣ እየመጣች። «ዳራ ነግሮኛል። አምጪው፣ እኔ አሸተዋለሁ።»

ለእንዲህ ያለ ነገር ሀገሩ ብዙ ስልት ሠርቷል። ማለዳ ይሄዳሉ፣ ውሃ ያዘጋጃሉ፣ ዘመድ በቀኝ በግራ ያስቀምጣሉ፣ ከሩቅ ነገር ይጀምራሉ። ዘርፈሽዋል በሕይወቷ የስንቱን ቤት እንዲህ አንኳኩታለች። አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንደ ገበያ ነጋሪ ጮኸችው።

«አሞኛል! ወረርሽኙ ይዞኛል! ወንድሜ ሞቷል፣ ሀብቴ ሞቷል፣ በዚሁ በሽታ ነው የሞተው! ከእኔ የወጣ ምንም ነገር እንዳትነኪ! ምግቡን ለማንም እንዳትወስጂ! ሂጂ!»

ዳራ ካርቶኑን ጥሎ አክስቱን በትከሻዋ ያዛት። ሚንግ ቀጥ ብላ ቆመች። በሁለቱ ሴቶች መካከል አንድ ትልቅ መኪና የሚያቆም ባዶ ቦታ ነበር፤ ጠዋት ኮፈኑ ላይ የተበተነው ጠጅ ሳር እዚያው በረዶ ላይ ወድቋል።

«መቼ ሞተ?» አለች ሚንግ።

«ትናንት።»

«ላንቺ መቼ ነገሩሽ?»

«አሁን። ከዚህ በፊት ሲያትል ነው ያለው ብለውኝ ነበር።»

ሚንግ የዳራን እጅ ከትከሻዋ ቀስ አድርጋ አወረደችው።

«ባሌን ሀገር ቤት ሳለን ወታደሮች የወሰዱት ለትምህርት ነው ብለው ነው» አለች። «በቅርቡ ይመለሳል አሉኝ። ማታ ማታ ሩዝ አስቀምጥለት ነበር፣ እኔ እየራበኝ። ጎረቤቶቼ ያውቁ ነበር። አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ አንድም ሰው አልነገረኝም። ልጅ ነበርኩ፤ ይሄው አርጅቻለሁ፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።»

ዘርፈሽዋል የበሩን መቃን ይዛ ተንሸራተተችና በረዷማው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጩኸቱ ያኔ ወጣ። ሰው ይዟት አይደለም፣ ነጠላ አዘቅዝቃ አይደለም፣ ቅመም በነካው ሽርጧ ፊቷን ሸፍና «ሀብቴዋ! ወንድሜዋ!» አለች። ምናሉ በሩ ውስጥ ቆሞ ያለቅሳል። ደረቷን መትታ፣ መትታ፣ ሲደክማት ዞራ አየችው።

«አንተ አታልቅስ። አሁን ስልክህን አውጣ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከዚህ መስኮት የበላውን ሁሉ ኮል አድርግ። ዘርፈሽዋል የምትባል ሴት ታማ ስታበስል ነበር በል። ስሜን ጠርተህ ንገር። ወንድሜንም ስሙን ጥራው። ጋዝ ተበላሸ የምትል ቃል ከአፍህ ትውጣና እዚህ አትቆማትም።»

«እሺ» አለ ምናሉ። ስልኩን አወጣ፤ ሲጀምር ድምፁ ተቆራረጠ፣ ግን የሁለቱንም ስም ጠራ።

ሚንግ እስከዚያ ድረስ አልሄደችም። ዳራ እየለመናት ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት መጣች፣ የብር ሳህኑን በረዶው ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ኋላ ተመልሳ ከመኪናው አጠገብ ቆመች። ለሽማግሌዎቹ ያዘጋጀችው ውሃ ነው።

«ታጠቢበት» አለች ከሩቅ። «ፊትሽን። የራሴን ሰው ነበር የማጥበው፣ ዛሬ አንቺ ነሽ።»

ዘርፈሽዋል ተነስታ ሄደች። ሳህኑ አጠገብ ተንበርክካ ሁለት እጇን ነከረች፤ ነጭ የአበባ ቅጠሎች ጣቶቿ ላይ ተለጠፉ። ፊቷን ታጠበች። ውሃው እንባዋን ይዞ አንገቷ ውስጥ ገባ። ሚንግ ይሄን ውሃ እንዴት እንደምትሠራው ታውቃለች፤ ከዋዜማው ጀምሮ አበባ ስትነክርበት፣ ቤቱ ሁሉ በሽታው ሲሞላ ስንት ዓመት አይታለች። እጆቿን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በረጅሙ ሳበች።

«ይሸታል?» አለች ሚንግ።

«አይሸትም፣ ሚንግ።»

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። ለማጽናናት ብላ እንኳ ነገ ይመለሳል አላለቻትም።